ስለ እርሱ ማን ይናገር?

የመወሰን ችሎታ ያጡ ሰዎች ሕክምና በፍርድ ቤቶች ታሪክ

ሐኪም ምላጩን ከማንሳቱ በፊት በሽተኛውን ይጠይቃል። በሽተኛው «እሺ» ካለ ሥራው ሕክምና ይባላል። «እምቢ» ብሎ ሳለ ሐኪሙ በግድ ቢቀጥል ግን፣ ያው ምላጭ፣ ያው እጅ፣ ያው ሙያ በሕግ ፊት ሰውን ማቁሰል ይሆናል። በሁለቱ መካከል የቆመችው አንዲት ቃል ናት። እንግዲህ ይህችን ቃል በቅጡ ሊናገር የማይችል ሰው ሲመጣስ? አእምሮው የታወከ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ማስተዋሉ ያላደገለት፣ እርጅና ትዝታውን የነጠቀው ወይም በአደጋ ራሱን ስቶ የቀረ ሰው ሲሆን፣ «እሺ»ውንም «እምቢ»ውንም የሚናገርለት ማነው?

ዘመድ ይናገርለት ቢባል፣ ዘመድም ይደክማል፤ ይሰለቻል፤ አንዳንዴም የራሱን ዕረፍት ከበሽተኛው ጥቅም ጋር ያምታታል። ሐኪሙ ይወስንለት ቢባል፣ ሐኪም የሚያውቀው በሽታውን እንጂ ሰውየውን ላይሆን ይችላል። መንግሥት ይወስንለት ቢባል፣ መንግሥት የሚያየው ሕዝብን እንጂ አንድን ሰው አይደለም። ስለዚህ ጉዳዩ ዞሮ ዞሮ ዳኛ ፊት ይቀርባል። ባለፈው አንድ መቶ ዓመት በአሜሪካ፣ በካናዳና በእንግሊዝ ችሎቶች የሆነውም ይኸው ነው። እነዚያን ፍርዶች በቅደም ተከተል ለሚያነብ ሰው አንድ ነገር ጎልቶ ይታየዋል፤ ይኸውም የበሽተኛው የራሱ ድምፅ ወደ ችሎቱ እስኪገባ ድረስ ምን ያህል ዘመን እንደፈጀ ነው። (ስለ ውጭ አገር ታሪክ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሦስት ትውልድ

ኬሪ በክ በ1906 በአሜሪካ፣ በቨርጂኒያ ግዛት ተወለደች። እናቷ ድሃ ስለነበረች ኬሪ ገና በሕፃንነቷ ለአሳዳጊ ቤተሰብ ተሰጠች። ትምህርት ቤት ገብታ ጥቂት ዓመታት ከተማረች በኋላ አሳዳጊዎቿ ከትምህርት አስወጥተው የቤት ሥራ አሠሯት። በአሥራ ሰባት ዓመቷ አረገዘች። የደፈራት የአሳዳጊዎቿ ዘመድ እንደሆነ ተናግራለች። ቤተሰቡ ግን የፈለገው ነውሩን ከቤት ማስወጣት ነበር። ልጅቷ «አእምሮዋ ደካማ ነው» ተባለችና፣ በ1924 ሊንችበርግ ከተማ አጠገብ ወደሚገኘው የሚጥል በሽታ ያለባቸውና የአእምሮ ደካሞች ማኖሪያ ተላከች። እናቷ ኤማም ከእርሷ ቀድማ እዚያው ገብታ ነበር።

በዚያው ዓመት የቨርጂኒያ ምክር ቤት አንድ ሕግ አወጣ። ሕጉ በእንደዚህ ያሉ ተቋማት የሚኖሩ ሰዎች እንዳይወልዱ በቀዶ ጥገና እንዲመክኑ ይፈቅዳል። የተቀዳው ያን ጊዜ ገንኖ ከነበረው «ዩጂኒክስ» ከሚባለው ትምህርት ነው። የዚህ ትምህርት ሰባኪዎች ድህነትም፣ ወንጀልም፣ የአእምሮ ድክመትም እንደ ዓይን ቀለም ከወላጅ ወደ ልጅ ይተላለፋሉ ይሉ ነበር። እንግዲያው መንግሥት ገበሬ አዝመራውን እንደሚያርም ሕዝቡን ማረም አለበት ማለት ነው። በየዩኒቨርሲቲው የሚያስተምሩ የተከበሩ ሰዎች ይህን ያምኑ ነበርና ሐሳቡ የጥቂት እብሪተኞች ብቻ አልነበረም።

የማኖሪያው ኃላፊዎች ሕጉ በፍርድ ቤት ተፈትኖ እንዲጸና ስለፈለጉ ኬሪን መፈተኛ አደረጓት። ጠበቃ ተመደበላት። ጠበቃው ግን ቀደም ሲል የዚያው ማኖሪያ የቦርድ አባል የነበረና የኃላፊዎቹ የቅርብ ወዳጅ ነበር። አንድም ምስክር አልጠራላትም። በዩጂኒክስ ሊቅነቱ የተጠራው ባለሙያ ኬሪን በዓይኑ ሳያያት የምስክርነት ቃሉን በጽሑፍ ላከ። ሕፃኗን ልጇን ቪቪያንን ያየች የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ደግሞ፣ በሕፃኗ ፊት ላይ ጤነኛ ያልሆነ ነገር እንዳለ፣ ምን እንደሆነ ግን መናገር እንደማትችል መሰከረች። ሕፃኗ ገና የወራት ዕድሜ ነበራት። በዚህ ምስክርነት አያት፣ እናትና ልጅ ሦስቱም ደካማ አእምሮ ያላቸው ተባሉ።

ነገሩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ግንቦት 2 ቀን 1927 ከዘጠኙ ዳኞች ስምንቱ ለቨርጂኒያ ፈረዱ። ፍርዱን የጻፈው የሰማንያ ስድስት ዓመቱ ኦሊቨር ዌንደል ሆምስ ነው። ሆምስ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የቆሰለ ወታደር፣ በሕግ ሊቅነቱም ስሙ የገነነ ሰው ነበር። የሙግቱ መንገድ አጭር ናት። አገር በጦርነት ጊዜ ምርጥ ልጆቿን ሕይወታችሁን ስጡ ካለች፣ አቅሟን የሚያሟጥጡባትን ሰዎች ከዚያ ያነሰ መሥዋዕትነት ብትጠይቅ ምን ነውር አለበት? ክትባትን በግዴታ የሚፈቅድ ሕግ የማህፀን ቱቦ መቁረጥንም ይፈቅዳል። ከዚያም በሕግ ታሪክ ውስጥ እንደ ጠባሳ የቀረችውን ዓረፍተ ነገር ጻፈ፦ «ሦስት ትውልድ ቂል ይበቃል።» ፒርስ በትለር የተባለው ዳኛ ብቻ ምክንያቱን ሳይጽፍ ተቃወመ።

ኬሪ በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር እንድትመክን ተደረገ። ታናሽ እህቷ ዶሪስም በተከታዩ ዓመት ያው ዕጣ ደረሳት፤ የተነገራት ግን ትርፍ አንጀቷ እንደወጣ ነው። አግብታ ልጅ ለመውለድ ስትጓጓ ኖራ እውነቱን የሰማችው ከሃምሳ ዓመት በኋላ ነው። «ጤነኛ አትመስልም» የተባለችው ሕፃን ቪቪያን ትምህርት ቤት ገብታ የክብር ዝርዝር ውስጥ ስሟ ተጽፏል፤ በስምንት ዓመቷ ታማ ሞተች። ኬሪ ራሷ ከማኖሪያው ወጥታ ትዳር ይዛ እስከ 1983 ኖራለች። በስተርጅናዋ ያገኟት ሰዎች ጋዜጣ የምታነብ፣ የመስቀለኛ ቃላት እንቆቅልሽ የምትፈታ ሴት ናት ያገኙት። የሕግ ታሪክ ተመራማሪው ፖል ሎምባርዶ የጠበቃዋን ወገንተኝነት ከሰነድ አውጥቶ እስኪያጋልጥ ድረስ ነገሩ ተዳፍኖ ቆይቷል።

ከሠላሳ በላይ የአሜሪካ ግዛቶች እንዲህ ያለ ሕግ ነበራቸው፤ በጠቅላላው ከ60,000 በላይ ሰዎች እንዲመክኑ ተደርጓል። የናዚ ጀርመን መንግሥት በ1933 ያወጣው ተመሳሳይ ሕግ ወደ 400,000 የሚጠጉ ሰዎችን አምክኗል። ከጦርነቱ በኋላ በኑረምበርግ ለተከሰሱት ጀርመኖች የቆሙት ጠበቆች የሆምስን ፍርድ ለመከላከያ ጠቅሰዋል። የቨርጂኒያ ገዥ በ2002 ይቅርታ ጠየቀ፤ በ2015 ግዛቲቱ በሕይወት ላሉት ተጎጂዎች ካሣ ለመስጠት ወሰነች። የ1927ቱ ፍርድ ግን በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በግልጽ ተሽሮ አያውቅም።

በዚያ ችሎት የተናገረው መንግሥት ነው። የተጠየቀውም ለኬሪ የሚበጃት ምንድን ነው ተብሎ ሳይሆን ለሕዝቡ የሚበጀው ምንድን ነው ተብሎ ነው።

ባለቤት ያጣ ሥልጣን

ከቨርጂኒያ ወደ እንግሊዝ የምንሻገረው ያለ ምክንያት አይደለም። አሜሪካም ካናዳም በዚህ ጉዳይ ሕጋቸውን የቀዱት ከዚያ ነው። በእንግሊዝ ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ አእምሮውን ያጣ ሰው ጠባቂ ንጉሡ ነበር። ነገሩ ሲጀመር ከርኅራኄ ይልቅ ከርስት ጋር የተያያዘ ነው። ንጉሡ ከተፈጥሮ ማስተዋል የጎደለውን ባለርስት መሬት ይይዛል፤ ሰውየውን እያበላና እያለበሰ የመሬቱን ፍሬ ለራሱ ያደርጋል። ውሎ አድሮ ይህ ሥልጣን «የአገር አባትነት» የሚል ትርጉም ያዘ። አባት ለልጁ እንደሚወስን ንጉሡ፣ በንጉሡም ስም ዳኞች፣ ለማይችለው ሰው ይወስኑለታል።

እንግሊዞች በ1959 አዲስ የአእምሮ ጤና ሕግ አወጡ። ያ ጥንታዊ ሥልጣን ከእንግዲህ አያስፈልግም ተብሎ በ1960 ተሻረ። ሕጉን ያወጡት ሰዎች አንድ ነገር አላስተዋሉም። አዲሱ ሕግ ስለ አእምሮ በሽታ ሕክምና ይናገራል፤ ለአካለ መጠን የደረሰ፣ ነገር ግን መወሰን የማይችል ሰው ጥርሱን ቢታመም ወይም አንጀቱ ቢታወክ ማን እንደሚፈቅድለት ግን ምንም አይልም። እናት ለሃያ ዓመት ልጇ መፍቀድ አትችልም፤ ዳኛም አይችልም። በዚያች አገር ሕግ ውስጥ አንድ ሰፊ ቀዳዳ ለሠላሳ ዓመት ያህል ማንም ሳያየው ተከፍቶ ቆየ።

ቀዳዳው የታየው ያው የማምከን ጥያቄ እንደገና ሲነሣ ነው። በመጀመሪያ ጉዳዩ በካናዳ ተነሣ። በፕሪንስ ኤድዋርድ ደሴት የምትኖር፣ ፍርዱ «ኢቭ» እያለ የሚጠራት የአእምሮ እድገቷ የተወሰነ ወጣት ከአንድ ወጣት ጋር ተዋደደች። ስልሳ ዓመት ሊሞላት የደረሰው እናቷ «ልጄ ብትወልድ የምታሳድገው እኔ ነኝ» ብላ ሠጋችና እንድትመክን ፍርድ ቤት ጠየቀች። የእናትየዋን ጭንቀት ማንም አልናቀውም። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በጥቅምት 1986 በአንድ ድምፅ እምቢ አለ። የአገር አባትነት ሥልጣን የተሰጠው ለተጠባቂው ጥቅም ነው፤ ለሌሎች ሸክም ማቅለያ አይደለም፤ ለጤና የማያስፈልግና የማይመለስ ቀዶ ጥገና በዚህ ሥልጣን ሊፈቀድ አይችልም አለ።

ከስድስት ወር በኋላ፣ በሚያዝያ 1987፣ የእንግሊዝ የሎርዶች ምክር ቤት ዳኞች የአሥራ ሰባት ዓመት ልጃገረድ ጉዳይ ቀረበላቸው። ያን ጊዜ የአገሪቱ የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ ችሎት ይኸው ነበር። የካናዳውን ፍርድ አነበቡት፤ አልተቀበሉትም። እርግዝና ምን እንደሆነ ለማይገባት ልጅ ምጥ መከራ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ማምከኑ ለእርሷ ለራሷ ይበጃታል አሉ። ፍርዱ በጥድፊያ የተሰጠ ነበር። ልጅቷ አሥራ ስምንት ዓመት ሊሞላት ሳምንታት ብቻ ቀርተዋት ነበርና፤ ከዚያ ወዲያ ፈቃድ የሚሰጥ አካል በአገሩ አልነበረም።

ቀዳዳውን የደፈነው በ1989 የተሰጠው፣ በሕግ መጻሕፍት «የኤፍ ጉዳይ» የሚባለው ፍርድ ነው። ኤፍ ከአሥራ አራት ዓመቷ ጀምሮ በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል የኖረች የሠላሳ ስድስት ዓመት ሴት ናት፤ እዚያው ከሚኖር ወንድ ጋር ግንኙነት ጀምራለች። እናቷና ሐኪሞቿ እንድትመክን ይፈልጋሉ። ዳኞቹ ፈቃድ የመስጠት ሥልጣን እንደሌላቸው አመኑ። ነገር ግን ሎርድ ጎፍ የተባለው ዳኛ ከድሮው ሕግ «የግድ አስፈላጊነት» የሚባለውን ትምህርት አነሣ። መኪና ሊገጨው የደረሰውን እንግዳ ሰው ክንዱን ይዤ ብጎትተው ማንም «ያለ ፈቃዱ ነካኸው» አይለኝም። እንደዚሁ ሐኪምም መናገር የማይችለውን ሰው ለጥቅሙ ሲል ቢያክመው ጥፋት አይሆንበትም።

ሐሳቡ መልካም ነው። ችግሩ «ጥቅም» የሚለውን ቃል ማን ይለካዋል የሚለው ላይ መጣ። ዳኞቹ መለኪያውን የወሰዱት በ1957 ስለ ሐኪሞች ቸልተኝነት ከተሰጠ ሌላ ፍርድ ነበር። በዚህ መለኪያ መሠረት በሙያው የተከበሩ ሐኪሞች ወገን የሚቀበለው ሕክምና ከሆነ በቂ ነው። አንባቢ ልብ ይበል፤ ይህ ሐኪም ስለ ስህተቱ ሲከሰስ የሚዳንበት መለኪያ ነው። አንድ ሥራ ስህተት አይደለም ማለት ለዚህች ሴት ይበጃታል ማለት አይደለም። መንግሥት ከችሎቱ ወጣና ቦታውን ሐኪሙ ያዘ። ኤፍ ምን ትወዳለች፣ ምን ትጠላለች የሚለው ጥያቄ አሁንም አልቀረበም።

የዚህ መለኪያ ጫፍ በየካቲት 1993 ታየ። ቶኒ ብላንድ በ1989 በሼፊልድ፣ በሂልስቦሮ ስታዲየም በደረሰው መጨናነቅ ሳንባው ተደፍጥጦ አእምሮው አየር ያጣ ወጣት ነው። ለሦስት ዓመት ከመንፈቅ በላይ ምንም ሳያውቅ በቱቦ እየተመገበ ተኛ። ወላጆቹም ሐኪሞቹም ይብቃው አሉ። አምስቱ ዳኞች ተስማሙ፤ በመጋቢት ሞተ። ጥያቄው ከባድ ነበር፤ መልሱም ርኅራኄ አልጎደለውም። መለኪያው ግን አሁንም በሐኪሞች እጅ ነበር።

«ሁለት እግር ይዤ ልሙት»

በዚያው በ1993 ብሮድሙር ከሚባለው፣ ወንጀል የሠሩ የአእምሮ ሕሙማን ከሚጠበቁበት ሆስፒታል አንድ ሰው ወደ ፍርድ ቤት መጣ። ስሙ «ሲ» ተብሎ ብቻ የተመዘገበው ይህ የስልሳ ስምንት ዓመት ሰው ስኪዞፍሬኒያ አለበት። በዓለም ዙሪያ የታወቀ ሐኪም እንደነበረ፣ አንድም በሽተኛ ሞቶበት እንደማያውቅ ያምናል። እግሩ ጋንግሪን ያዘው። ቀዶ ጠጋኙ ካልተቆረጠ የመዳን ዕድልህ ከመቶ አሥራ አምስት ነው አለው። ሰውየው በአንድ እግር ከመኖር ሁለት እግር ይዤ መሞት ይሻለኛል ብሎ እምቢ አለ። ወደፊትም ያለ ፈቃዱ እንዳይቆርጡት ዳኛ እንዲያግዳቸው ጠየቀ።

ዳኛው ቶርፕ የጠየቀው ሰውየው አእምሮውን ታሟል ወይ ብሎ አይደለም። ያማ የታወቀ ነው። የጠየቀው ስለ እግሩ የተነገረውን ሰምቶ ይይዛል ወይ? ያምነዋል ወይ? አመዛዝኖ መምረጥ ይችላል ወይ? ብሎ ነው። በሐኪምነት ቅዠቱ መካከል እንኳ ሰውየው እነዚህን ሦስቱን እንደሚችል አገኘው፤ እግዱንም ሰጠው። በሌላ ሕክምና ጋንግሪኑ ቆመ፤ ሰውየውም ከነእግሩ ተረፈ።

ይህ ፍርድ አንድ ትልቅ ነገር አስተማረ። አንድ ሰው አእምሮውን ታሟል ማለት ሁሉ ነገር ጠፍቶበታል ማለት አይደለም። ያም ሆኖ በፍርዱ ሥር አንድ ገደል ነበር። «ሲ» የተሰማው ችሎታ አለው ስለተባለ ነው። ዳኛው ችሎታ የለውም ቢል ኖሮ ጉዳዩ ተመልሶ ወደ ሐኪሞች መለኪያ ይገባ ነበር፤ ስለ እግሩ የተናገረው ቃል ሁሉ ክብደቱን ያጣ ነበር።

ቁልፍ ያልተቆለፈበት እስር

ገደሉን ያሳየው አንድ መናገር የማይችል ሰው ነው። ኦቲዝም ያለበት ይህ ሰው ሠላሳ ሁለት ዓመት በሆስፒታል ከኖረ በኋላ በ1994 ወደ አንድ ባልና ሚስት ቤት ገብቶ እንደ ልጃቸው ይኖር ጀመር። በሐምሌ 1997 የቀን መዋያው ውስጥ ሳለ ተረበሸ፤ ራሱን በእጁ ይደበድብ ጀመር። ባልና ሚስቱ በሌሉበት ወደ በርንውድ ሆስፒታል ተወሰደና እዚያው ቀረ። በሕጉ በግዴታ አልተያዘም፤ «አልተቃወመምና በፈቃዱ ነው» ተባለ። አሳዳሪዎቹ ግን አብሯችሁ ካልሄድኩ ይላል ተብሎ እንዳይጠይቁት ተከለከሉ።

የሎርዶች ምክር ቤት በ1998 ሦስት ለሁለት ሆኖ ሰውየው አልታሰረም አለ። ከተቃወሙት ሁለት ዳኞች አንዱ ሎርድ ስታይን፣ ሰውየው በፈለገበት ሰዓት መሄድ ይችል ነበር ማለት ተረት ነው ብሎ ጻፈ። በስትራስቡርግ የሚገኘው የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት በጥቅምት 2004 ለዚህ ወገን ፈረደ። በሩ ተቆለፈ አልተቆለፈ፣ እንቅስቃሴውን ሁሉ ሌሎች እየተቆጣጠሩት ከነበረ ነፃነቱን አጥቷል፤ ዝም ማለት ደግሞ መስማማት አይደለም። በዚህ ፍርድ ያልተናገረ ሰው «እምቢ»ታ በሕግ ሚዛን ላይ ወጣ። እንዲናገሩለት የታገሉት አሳዳሪዎቹ እንደነበሩም መርሳት አይገባም።

ድምፁ ሲሰማ

የእንግሊዝ ፓርላማ በ2005 የአእምሮ ችሎታ ሕግ የሚባለውን አጸደቀ፤ በ2007 ሥራ ላይ ዋለ። ሕጉ ማንኛውም ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ መወሰን እንደሚችል ይቆጠራል ይላል። ሞኝነት የሚመስል ውሳኔ መወሰን ብቻውን ችሎታ ለማጣት ማስረጃ አይሆንም። ችሎታ ላጣውም ሰው ቢሆን፣ ሌላው ሲወስንለት የቀድሞና የአሁን ፍላጎቱን፣ ስሜቱን፣ እምነቱን መመልከት አለበት።

የቃሉ ትርጉም በ2013 ተፈተነ። በሊቨርፑል አንድ በዕድሜ የገፋ ሙዚቀኛ በሆስፒታል በጽኑ ታሞ ነበር። ሐኪሞቹ ሁኔታው ከከፋ የልብ ማነቃቂያና ሌላም ከባድ ሕክምና እንዳይደረግለት ፈቃድ ጠየቁ፤ ባለቤቱና ልጆቹ ግን አሁንም ሲያየን ደስ ይለዋል፣ ይታገላል አሉ። ዳኛው ፒተር ጃክሰን ለቤተሰቡ ፈረደ፤ ሕመሙ እየከፋ ሲሄድ የይግባኙ ፍርድ ቤት ለሐኪሞቹ ፈረደ፤ ሰውየውም በታኅሣሥ 2012 መጨረሻ ሞተ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በተከታዩ ዓመት ጥቅምት ወር በሌዲ ሄል ብዕር በሰጠው ፍርድ፣ በመጨረሻ በደረሰበት ሁኔታ የይግባኙ ውጤት ልክ እንደነበረ፣ መለኪያውን ግን በትክክል የያዘው የመጀመሪያው ዳኛ እንደነበረ አስረዳ። ወሳኞች ራሳቸውን በዚያ በሽተኛ ቦታ አድርገው እርሱ ስለ ሕክምናው ምን ይል እንደነበር መጠየቅ አለባቸው። «አስተዋይ ሰው ምን ይል ነበር?» የሚለው አይበቃም፤ ጥያቄው ስለዚህ ሰው ነው።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ ያው ዳኛ ጃክሰን ሌላ እግር ቀረበለት። የሰባ ሦስት ዓመቱ ሽማግሌ እንደ «ሲ» ስኪዞፍሬኒያ አለበት፤ የስኳር በሽታ እግሩን አበስብሶታል፤ ካልተቆረጠ ብዙም አይቆይም። የመላእክትንና የድንግል ማርያምን ድምፅ ይሰማል፤ ሞትን አልፈራም፣ ወዴት እንደምሄድ አውቃለሁ ይላል። «እግሬን አትቁረጡኝ» ይላል። ዳኛው በዚህ ጉዳይ የመወሰን ችሎታ እንደሌለው አረጋገጠ። በድሮው መንገድ ቢሆን ፍርዱ እዚህ ላይ ባለቀ ነበር። ዳኛው ግን ሆስፒታል ድረስ ሄዶ ከሽማግሌው ጋር ተነጋገረ። በመስከረም 2015 በሰጠው ፍርድም፣ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ፍላጎትና እምነት ከጤነኛው ያነሰ ዋጋ የለውም አለ፤ እነዚያ ድምፆች በሽታ ቢሆኑም ለብዙ ዓመታት የሰውየው ማንነት አካል ሆነዋል፤ ታግሎ እንዲቆረጥ ማድረግ የቀረችውን ጥቂት ክብር መቀማት ነው አለ። እግሩ እንዳይቆረጥ ፈረደ።

የ1993ቱ «ሲ» የተሰማው ችሎታ አለው ስለተባለ ነው። የ2015ቱ ሽማግሌ ግን ችሎታ የለውም ተብሎም ተሰማ። በሁለቱ እግሮች መካከል ያለፈው ሃያ ሁለት ዓመት የዚህ ሁሉ ታሪክ ፍሬ ነገር ነው።

መስማትና መታዘዝ

ይህ ማለት የበሽተኛው ቃል ሁልጊዜ ይረታል ማለት አይደለም። ያው ዳኛ ጃክሰን በ2012 ምግብ አልበላም በሚያሰኝ የአእምሮ ሕመም የተያዘች የሠላሳ ሁለት ዓመት ሴት ጉዳይ ሲቀርብለት፣ ቃሏን አዳምጦና አክብሮ ሳለ፣ ያለ ፈቃዷ እንድትመገብና ሕይወቷ እንዲተርፍ አዟል። ከሰውየው አንደበት የሚወጣው የራሱ ቃል ነው ወይስ የበሽታው? ለዚህ ቁርጥ ያለ ሚዛን የለም። ሁሉን «ፍላጎቱ ነው» ብሎ መተው ሊድን የሚችለውን ሰው ለበሽታው አሳልፎ መስጠት ሊሆን ይችላል። ሁሉን «በሽታው ነው» ብሎ መናቅም ወደ ቨርጂኒያ የሚመልስ መንገድ ነው። ሕጉ በዘጠና ዓመት ጉዞው ያገኘው ዝግጁ መልስ ሳይሆን የአጠያየቅ ሥርዓት ነው፤ ሳትሰማው አትወስንበት የሚል።

ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ በሃያኛው አንቀጹ ማንም ሰው በሕክምና ለመመርመርም ሆነ ለመታከም እምቢ ማለት እንደሚችል ይደነግጋል። አእምሯቸውን ስለታመሙና በፍርድ ስለተከለከሉ ሰዎችም ሰፊ ክፍል አለው። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትም በ2002 ዓ.ም. ተቀብላለች። ነገር ግን በየቤታችን የሚሆነውን እናውቀዋለን። ሆስፒታል ይሂድ፣ ጠበል ይግባ፣ ይታሰር ወይም ይፈታ የሚለው ውሳኔ የሚሰጠው በቤተ ዘመድ ሸንጎ ነው። ብዙውን ጊዜ በፍቅር፣ ሁልጊዜም በጭንቀት ይወሰናል። በዚያ ሸንጎ ላይ ሁሉም ይናገራል፤ ወንበር የማይሰጠው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ኬሪ በክ ስለ ራሷ የተናገረችው ቃል በመዝገብ ላይ አለ። ወደ ፍርድ ቤት ከመሄዷ በፊት የማኖሪያው ቦርድ ፊት ቀርባ፣ ስለ ቀዶ ጥገናው የምትይው ነገር አለሽ ወይ ተብላ ተጠይቃለች። የለኝም ጌታዬ፣ እሱ የሰዎቼ ጉዳይ ነው ብላ መለሰች። የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። እናቷ እዚያው ተዘግቶባታል፤ አሳዳጊዎቿ አስወጥተዋታል፤ ጠበቃዋ የከሳሾቿ ወዳጅ ነው። የጠየቋት ሰዎች መልሷን ጻፉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። «ሰዎችሽ እነማን ናቸው?» ብሎ የጠየቃት አልነበረም።